ከአንድ ካርቶን የወጡት

ሶስና የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ በሚያቀርበው ፓወር ሰፕላይ ቢጫ ገመድ ላይ አስነክታ ቁጥሩን አነበበች። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ቮልት። ምንም እንከን አይወጣለትም።

"ደህና ነው እያልሽኝ ነው?" አለች ከዲጃ። ዳንግላ ፎቶ ቤት አላት። ኮምፒውተሯ እየሠራ ድንገት እየጠፋ ሲያስቸግራት በጠዋቱ ሚኒባስ ይዛው እንጅባራ የመጣችው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት አዲሱን ፓወር ሰፕላይ የገጠመችላት ሶስና ስለሆነች ነው።

"ባዶውን ደህና ነው። ሥራ ሲበዛበት እንየው።"

መልሳ ገጠመችውና ኮምፒውተሩን ረጅም የሠርግ ቪዲዮ እንዲያቀናብር አዘዘችው። አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት። ከሩብ ሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። ከዚያ አሥር ነጥብ ዘጠኝ፤ ከአሥራ ሁለት ይህን ያህል መውረድ አልነበረበትም። ከማራገቢያው በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ።

"ዛሬስ አልጠፋም" አለች ከዲጃ ደስ ብሏት።

"እንዲህ ሲሆን መጥፋት ነበረበት" አለች ሶስና፣ ሶኬቱን እየነቀለች።

እስኪበርድ ጠብቃ ክዳኑን ፈታች። ኃይል ሲበዛ የሚቆርጠው ፊውዝ መኖር ያለበት ቦታ በተራ ሽቦ ተያይዟል። ዙሪያው ጠቁሯል።

"ኮምፒውተሩ የት ነው የሚቀመጠው?"

"እዚያው ፎቶ ቤቱ ውስጥ። እኔና ልጆቼም ከመጋረጃው ወዲያ ነው የምንተኛው። ምነው?"

ሶስና ከመደርደሪያው ላይ ከዚያው ካርቶን ሳይሸጥ የቀረውን ፓወር ሰፕላይ አውርዳ ፈታችው። ያው ተራ ሽቦ። ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው። ከቀሩት ሁለቱ አንዱን አዘና ለሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዱን አዲስ ቅዳም ለምህረቴ ኮፒ ቤት ራሷ ገጥማለች።

ከዲጃ ስልክ ልታነሳ ወደ በረንዳው ስትወጣ፣ ሱቁን ከሶስና ጋር የተከራየው ሞባይል ጠጋኙ ዓለምነው ጠጋ አለ።

"መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያቃጠለው ነው በያት። ወሬው ከወጣ ማን እዚህ ደጅ ይመጣል?"

ሶስና ለከዲጃ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ከዚያ አዘና ወዳለው መዋዕለ ሕፃናት ደወለች።

"ኮምፒውተሩ አሁን እየሠራ ነው፤ ሕፃናቱ ፊልም እያዩበት ነው" አለች መምህርቷ።

"መጀመሪያ ልጆቹን አስወጪ። ከዚያ ከግድግዳው ንቀይው። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ወንበር ሲንኳኳ፣ ልጆች ሲንጫጩ ተሰማ። ቆይቶ፣ "ነቅያለሁ" አለች መምህርቷ። "ጀርባው ይፋጃል።"

የምህረቴ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደገመችው። አሁንም የሚያነሳ የለም።

"ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪው" አለ ዓለምነው።

ሶስና ቦርሳዋን አንስታ፣ የአዲስ ቅዳም ሚኒባስ ወደሚጭንበት በዝናብ ወጣች።