ጌጥ የተባለችው ሽቦ

አጎቴ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁለት ብቻ ነው ብሎ ያምናል፦ አንዷ ታመጣለች፣ አንዷ ትመልሳለች። ሦስተኛዋን፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላትን፣ «ጌጥ» ይላታል። «ፋብሪካው ሽቦ ቢተርፈው ጨመራት» ብሎ በገዛ ቀልዱ ይስቃል።

ደንበኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ማንም ሳይሾመው ሹመቱን ተቀብሎ ይንጎራደዳል። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ ተምሬ የተመለስኩ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ እሱ የጠገነውን በፊርማዬ ማጽደቅ ነው። «አንተ ብቻ ፈርም። ዲግሪህ ይሥራ፣ እጅህ ይረፍ» ይለኛል። ሁለት ወር ፈረምኩ። ሌላ ሥራ እስካገኝ ነው እያልኩ፣ ሌላ ሥራ ሳልፈልግ።

ያን ጠዋት የሄድነው ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነበር። ኤሲው በበጋ የሚያቀዘቅዝ፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ዞሮ የሚያሞቅ ዓይነት ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ፣ ሙቀት ላይ በተደረገ ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ከረመ። ባለፈው ሳምንት አጎቴ ብቻውን መጥቶ «አዳነው»። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

ከጓሮ፣ የውጪው ዩኒት ግድግዳው ላይ በብረት ፍርግርግ ተከልሎ ተሰቅሏል። የክሊኒኩን ጋውንና ፎጣ የምታጥበው ሴትዮ የልብስ ገመዷን አንድ ጫፍ ፍርግርጉ ላይ አስራለች፤ ገመዱ ያልበቃውን ፎጣም እዚያው ብረት ላይ ታሰጣለች።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠዋት ጠዋት ይቆነጥጠኛል» አለችኝ።

«ይቆነጥጠኛል ማለት?»

«እንደ ክፉ አማት ነዋ!»

አጎቴ ሳቀ። «እሜቴ፣ ብርዱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የዋለ እጅ ይነዝራል። ቅባት ይቀቡት።»

«ስለ እጄ ሊነግሩኝ ነው፣ ፕሮፌሰር? ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።»

የመለኪያውን አንድ ጫፍ ፍርግርጉ ላይ፣ ሌላውን የውሃ ቧንቧው ላይ አደረግኩ። መቶ ዘጠና ቮልት። ሴትዮዋን እስካሁን ያቆያት የፕላስቲክ ጫማዋ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ወደዚያ ፈቀቅ በይ» አልኩና መብራቱን አጥፍቼ ክዳኑን ፈታሁ። አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ፣ ያመለጠ መብራት ወደ መሬት የምታወርደው፣ ተቆርጣለች፤ ጫፏ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ከሥር በረዶ እንዲያቀልጥ የተዘረጋው የማሞቂያ ሽቦ ደግሞ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ነክቷል። ዩኒቱ ሙቀት ላይ ሲሆን መብራት ወደ ብረቱ ይገባል። ብሬከሩ ይወርድ የነበረው ይህንኑ ሊነግረን ነበር። አጎቴ ሽቦዋን ሲቆርጥ የብሬከሩን ምላስ ቆረጠ።

«አልፈርምም፣ ጋሼ።»

«በሽተኞች ተቀምጠዋል እኮ! ሐኪሟ ታብዳለች።»

«ይህቺ ሴት ትሞታለች።»

«አርባ ዓመት ስሠራ ማን ሞተ? አንድ ሬሳ ጥራልኝ!»

«ሬሳ መጥቶ አቤት አይልም።»

«በመጽሐፍ ዋና የተማረ ምንጣፍ ላይ ይንቦራጨቃል» አለና ክዳኑን በሁለት ብሎን አስሮ መብራቱን መለሰው። ማራገቢያው ተነሣ። «ይኸው! ይሠራል አይሠራም?»

አጣቢዋ ሳፋዋን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። «እንግዲህ ምንም ከሌለው፣ እጅዎን ነክረው ይንኩት።»

ማስቆም ነበረብኝ። አላስቆምኩትም። ማየት ፈለግኩ።

አጎቴ እጁን ነከረ። ደረቱን ነፍቶ ወደ ፍርግርጉ ዘረጋው። ሊነካው ስንዝር ሲቀረው ግን እጁ ተገለበጠ፤ መዳፉ ወደ ራሱ ዞረ፣ ጀርባው ወደ ብረቱ። በአንዲት ጣት ጀርባ ነካ አድርጎ ወዲያው ሸሸ።

መዳፍ መብራት ሲይዘው ይጨብጣል፣ አይለቅም። በእጅ ጀርባ የነካ ግን ተወርውሮ ይተርፋል። ይህንን የሚያውቀው የሞያው ሰው ነው፤ እንዲህ የሚነካውም ብረቱን የጠረጠረ ብቻ ነው።

«ምንም የለውም» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«በጀርባው ለምን?» አለች አጣቢዋ።

ሁለት ወር ሙሉ የናቅኩት አለማወቁን ነበር። አላዋቂን መናቅ ደስ ይላል፤ ሰውን ከፍ ያደርጋል። አሁን ግን የሚያውቅ ሰው ፊቴ ቆሟል፣ ንቀቴም የሚያርፍበት አጣ። እያወቀ ላጠፋ ሰው፣ ከአላዋቂ በታች ምን ወለል አለ?

አጎቴ ማንም ሳያዘው መብራቱን አጠፋ። ተንበረከከ። ከቦርሳው አዲስ የማሞቂያ ሽቦ አወጣ፤ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ዘረጋ፣ አሰረው፣ ጌጥ ያላትን ሽቦ ወደ ቦታዋ መልሶ በካቻቢቴ አጠበቃት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ የሽቦውን ሥዕል ገልጬ ግማሽ ቀን እፈጅ ነበር።

«ሽቦው ነበረህ?» አልኩት።

«ነበረኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን?»

ብሎኑን እያጠበቀ ቀና ሳይል፣ «ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር» አለ።

መብራቱን ከፍተን ሙቀት ላይ አደረግነው። ለካሁ፤ ዜሮ። ብሬከሩም አልወረደም። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩ።

«አሁን ይስቀሉ፣ እሜቴ» አለ አጎቴ።

«መጀመሪያ እናንተ። በመዳፋችሁ።»

አጎቴ እጁን እንደገና ነከረና መዳፉን ሙሉውን ብረቱ ላይ ለጠፈው። አላነሳውም። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ቆየ።

«አንተስ፣ የኔ ምሁር?» አለችኝ አጣቢዋ።

«መሣሪያው ዜሮ ይላል፣ እትዬ።»

«እሱ ምን ቆዳ አለው?»

ሳፋው ውስጥ ነከርኩና እጄን ዘረጋሁ። ዜሮውን በዓይኔ አይቻለሁ። አጎቴ በመዳፉ እንደያዘው ነው። እጄ ግን አየር ላይ እያለ ተገለበጠ፤ ፍርግርጉን የነካሁት በጣቴ ጀርባ ነበር።

አጎቴ በሳቅ ፈነዳ። አጣቢዋ አልሳቀችም። እሱንም እኔንም ከእግር እስከ ራስ አየችን።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለች።

ገመዷን ከፍርግርጉ ፈታች፤ ሳፋዋን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ሄደች።