ያለ ሥዕል

ቄስ ገብረ ዮሐንስ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት የፕሮጀክተሩ ባትሪ ሊያልቅ አንድ ሰረዝ ሲቀረው ነው። ሰኔ ገብቶ ብልባላ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ አልታየችም፤ ጣሪያችን ላይ ያለችው ሶላር ደግሞ ደመና ካየች ኩርፊያዋ አይጣል ነው። መስኮቶቹን በጆንያ ጋርደን፣ ስልሳ ሁለት ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ ግድግዳው ላይ የዶሮ ሥዕልና ከሥሩ «ዶሮ» የሚል ቃል እያየን ነበር። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ገብቶ ዶሮዋን አደበዘዛት።

«መምህርት፣ ንጋትን ልወስዳት ነው» አሉ ጃንጥላቸውን እንኳ ሳያጥፉ። «ሙጃ ከተማ እህቴ ዘንድ ሄዳ ቤት ታግዛት። መኪናው አሁን ይነሳል።»

ንጋት አሥር ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። ሦስት ዓመት አንደኛ ክፍል ተቀምጣ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሀ ሁ ሲሉ አፋቸውን እያየች አፏን ታንቀሳቅስ ነበር። እኛም አስተማሪ ተብዬዎቹ ትማራለች እንል ነበር! ዘንድሮ ፕሮጀክተሩ መጣ። የሚጣራ እጅ ያሳያል፣ ከሥሩ «ነይ» ይላል። ጀርባውን ሰጥቶ የሚራመድ ሰው ያሳያል፣ «ሂድ» ይላል። ንጋት ዓይኗን ከግድግዳው አትነቅልም።

«አባ፣ ማንበብ ጀምራለች እኮ።»

«ኸረ ተይኝ ልጄ» አሉ። ቄሱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለብዙ ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። «ፊደል በጆሮ ነው የሚገባ። በሌላት ጆሮ በየት ይግባ?»

ደሜ ፈላ። «የእርስዎ ተማሪዎችስ ‹ሌ› የትኛዋ ናት ሲባሉ፣ ከ‹ለ› ጀምረው ካላዜሙ መች ይደርሱባታል?»

በእኛ አገር ለቄስ እንዲህ ተብሎ አይመለስም። ቃሉን መልሼ መዋጥ ብችል በወደድኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«እንግዲያ ታሳየኛ» አሉ።

ቁልፉን ተጫንኩ። የሣር ክዳን ቤት ከነቃሉ መጣ። ንጋት ወዲያው ሁለት እጆቿን አጋጥማ ጣሪያ ሠራች። ቄሱ ሳቁ።

«ቤቱን አየችው እኮ! ያለ ሥዕል አሳይኝ።»

ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሥዕሉን አንስቼ አላውቅም። ከነሥዕሉ ተሰጠኝ፣ ከነሥዕሉ አሳየሁ፣ እጇን ባነሳች ቁጥር አጨበጨብኩ። ቃሉን ታንብብ ሥዕሉን ትይ አንዴም አልፈተንኩም። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ? ይህን እያሰብኩ ሳለ ፕሮጀክተሩ ሁለቴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ቄሱ ጆንያውን ከመስኮቱ ገለጡና ጠመኔ አነሱ።

«አንቺ ውጪልኝ።»

«ለምን?»

«ያንቺን እጅ ታያለች፣ ያንቺን ዓይን ታያለች። ካነበበች ትቀመጥ። ካላነበበች ይዣት እሄዳለሁ።»

ወጥቼ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ጫማዬን ይመታዋል። ሌላ ልጅ ቢሆን ሲያነብ ድምፁን እሰማ ነበር፤ ከንጋት ግን ምን ይሰማል? ጠመኔው አጭር ነገር ጻፈ። ከዚያ ዝም። በገበያው በኩል የሙጃው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። እመቤቴ ሆይ፣ የእኔን ስንፍና በእሷ ላይ አታድርጊው አልኩ።

ጠመኔው እንደገና ተሰማ። አሁንስ አለቀላት፣ የመጀመሪያውን ስላላወቀችው ሌላ እየጻፉላት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ወዲያው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጄ ላይ ሳቁባት! በሩን በእግሬ ገፍቼ ገባሁ።

ሰሌዳው ላይ በቄሱ ያማረ የእጅ ጽሕፈት «ቤት ነይ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። «ነይ» የሚለው ተጠርጎ ነጭ ጭጋግ ብቻ ቀርቷል። በጭጋጉ ላይ፣ በትልልቅና በተንጋደዱ ፊደላት፣ «ሂድ» ይላል። ንጋት ቦታዋ ተመልሳ የዴስኩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ጠመኔ ሆኗል።

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አድርገው ቆመዋል።

«ቤት ሂድ አለችኝ» አሉ። «አባቷን! አንቱ እንኳ ሳትለኝ።»

ድምፃቸው ተሰባበረ፤ ቁጣ ይሁን ሌላ አልለየሁም።

«አባ፣ አንቱታን እኔ ነኝ ያላስተማርኳት» አልኩ። «ሥዕል አላገኘሁለትም።»

መኪናው ደግሞ ጮኸ። ቄሱ ዞረው ልጃቸውን አዩዋት። እሷም ዴስኩን ሳትለቅ አየቻቸው። ከዚያ ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ጃንጥላቸውን አነሱ።

«እንግዲህ አስተምሪያት» አሉኝ። በዝናቡ ውስጥ፣ እንደተባሉት፣ ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ።