ገበር ያለው ፌስታል

ሚስቱ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ሲቆረጥ ልብስ ሰፊው ደስታም ፍርሃትም እኩል መጡበት። ዳሌዋ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ተስተካክሎላታል፤ ሐኪሙ ግን «መራመድ ትችላለች፤ መንበርከክ ግን አይታሰብም፤ ከተንበረከከች የጠገንኩት ሁሉ ይበላሻል» ብሎ አስጠንቅቋል። ሌላ ሴት ብትሆን ይህ ምንም ማለት አልነበረም። የእሱ ሚስት ግን መታጠቢያ ቤቷን ማንም ቢያጸዳላት አታምንም። ልጃቸው ያጸዳችውን ደግማ ታጸዳለች፤ ሠራተኛ ያጸዳችውንማ ከነባልዲው እንደ አዲስ ትጀምረዋለች። ሻወሩ ጥግ ላይ አንዲት ቅርፊት ካየች ሐኪም ከልክሏል ሳትል ጉልበቷን መሬት ላይ እንደምትጥል ያውቃል፤ ያወቃት ፀጉሯ ጥቁር በነበረበት ዘመን ነው።

ሻወሩን ደግሞ እሷ ከወደቀች ወዲህ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ውሃው ሲደርቅ ጥሎት የሄደው ነጭ ነገር ግድግዳውን ዱቄት እንደተነሰነሰበት አድርጎታል። በሴራሚኮቹ መሀል ያለው መስመር ጠቁሯል። የሻወሩ ራስ ቀዳዳዎች ተደፍነው ውሃው ግማሹ ወደ ግድግዳ፣ ግማሹ ወደ ዓይን ይረጫል።

«ተወው አባዬ፣ ከሥራ ስመለስ እኔ አጸዳዋለሁ» አለችው ልጁ።

«አንቺ ያጸዳሽውንማ ደግማ ልታጸዳው! ምን ዋጋ አለው?»

«አንተ ያጸዳኸውንስ?»

የሚስቱ እህት በየሄደችበት «የእህቴ ባል ከመርፌ የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም» የምትለው ሐሰት አይደለም። ቢሆንም የሰፈሩ ሰው «ባለገበሩ» ብሎ ያወጣለት ስምም በከንቱ አልወጣም፤ ደንበኛው ቢለምን ቢያለቅስ ገበር የሌለው ኮት ከሱቁ አይወጣም። ልብስ የሚፈተነው በውስጡ ነው ባይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ሻወር እጅ ይሰጣል?

ልጁ የእናቷን ዘዴ ነገረችው። በረኪና ደረቷን ስለሚያፍናት እቤት አይገባም፤ አቸቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትዕግሥት ብቻ ነው። የሻወሩ ራስ ደግሞ አቸቶ ባለበት ፌስታል ውስጥ ተነክሮ፣ ፌስታሉ ታስሮ ይቆያል።

«በምን ነው የሚታሰረው?»

«ባገኘኸው ክር እሰረው፣ አባዬ» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ባገኘኸው ክር! ለማን እየተናገረች እንደሆነ ረስታለች። ልብስ ሰፊው ፌስታሉን ይዞ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። ቢለካው ሰፊ ሆነበት፤ ጎንና ጎኑን አጠበበው። አፉን ዙሪያውን አጥፎ የሱሪ ወገብ ላስቲክ አስገባበትና ጥንቅቅ አድርጎ ሰፋው። አቸቶ ሞልቶ የሻወሩ ራስ ላይ ሲያጠልቀው ልክክ አለ። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ የእጁን ሥራ እያደነቀ አንጋጠጠ። አንዲት ጠብታ ግንባሩ ላይ ጠብ አለች። ሁለተኛዋ ዓይኑ ውስጥ ገባች። መርፌው የወጋው ቀዳዳ ሁሉ አቸቶ ያለቅስ ነበር።

«የባሰ አታምጣ!» አለ ፊቱን እየታጠበ። እንዲህ ያለውን ስህተት ከልብስ ሰፊ በቀር ማን ይሠራዋል? በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ፌስታሉን ሲያገላብጥ ቆየና ድንገት ብቻውን ሳቀ። ሌላ፣ መርፌ ያልነካው ፌስታል አመጣና በተሰፋው ውስጥ አስገባው። ገበር! ከዚያ ወዲያ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ግድግዳውን ሞቅ ባለ አቸቶ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ነጩ ነገር ሲለሰልስለት ፈተገው። ሶዳውን በጥቂት ውሃ አቡክቶ የጠቆረውን መስመር፣ ስፌት እንደሚፈታ ሰው፣ ቀስ እያለ በጥርስ ብሩሹ ተከተለው። ሚስቱ እንዳትንበረከክ እሱ ተንበረከከ። የበሩን የታች ጠርዝ፣ የሳሙና ማስቀመጫውን ሥር፣ ማንም የማያየውን ሁሉ፣ ኮት ገልብጦ እንደሚያይ አየው። ሲጨርስ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ግድግዳ ይዞ ነው የተነሳው። ኩራት እራት ነው ይባላል፤ ያን ማታ የቀረበለትን ሳይነካ ተኛ።

በማግስቱ ሚስቱ በክራንች ገባች። አልጋው ተነጥፎ ቢጠብቃትም በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመራች። ባልና ልጅ ተከተሏት። ሴራሚኩን በአውራ ጣቷ ስትፈትገው ሲጥ ሲጥ አለ። በሩን መልሳ ከኋላው አየች።

«ማነው ያጸዳው?»

«እኔ ነኛ፣ እሜቴ።»

«አንተ?» ብላ ቀና ስትል ተረስቶ የተንጠለጠለውን ፌስታል አየች። አወረደችው። ላስቲኩን ሳብ፣ ለቀቅ አደረገችው። ስትገለብጠው ከውስጡ ሌላ ፌስታል ወጣ።

«አንተ ሰውዬ! ለፌስታል ገበር ታስገባለታለህ?»

«ያለ ገበርማ ያፈሳል» አለ ኮስተር ብሎ።

ልጅየዋ አፏን በእጇ አፈነች። እናቷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ የታችኛውን ጥግ፣ እሷ ሁልጊዜ የምትንበረከክበትን፣ ትክ ብላ አየችው።

«ክራንቼን ያዝልኝ» አለችው።

አንድ ነገር አምልጦኛል፣ አለቀልኝ ብሎ ክራንቹን ተቀበለና ልትወድቅ ብትል ሊይዛት ተጠጋ። እሷ ትከሻውን ይዛ፣ በሌላው እጇ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ከየቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወረደ። መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ ትንሽ ቆየች።

«አንቺ ልጅ» አለች ዞር ሳትል፣ «ለአክስትሽ ደውይላት። ባሌ ያጸዳውን መጥታ ትይ በያት። መነጽሯንም ይዛ ትምጣ።»

ልብስ ሰፊው ክራንቹን እንደያዘ ደረቱን ነፍቶ ቆመ፤ እሷም ትከሻውን እንደያዘች አጠገቡ ቆማለች።