አንድ ሰው ለአንድ ስም

ለድል ቀን ማርሽ ባንድ ይወጣል፤ የጠፉ ወታደሮችን ቀን ግን ከእናቶች በቀር ማን ያስታውሰዋል? ዘንድሮ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰባት ብቻ ናቸው። መቶ አለቃው ስም ሲጠራ ቤተሰብ ተነሥቶ "እየጠበቅነው ነው" ይላል። መልስ ያጣ ስም የሙታን መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ በቃ።

ልብስ ሰፊዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጇ መልሳለች። ዛሬ ግን አደራ አለባት። ጎረቤቷ ባለፈው ወር ስታጣጥር እጇን ይዛ "ልጄን አደራ፤ ስሙ ሲጠራ ዝም እንዳትዪ" ብላታለች።

የጎረቤቷ ልጅ ተጠራ። ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች።

"እየጠበቅነው ነው!"

መቶ አለቃው ከመነጽሩ በላይ አያት። "እማማ፣ እርስዎ የተመዘገቡት በራስዎ ልጅ ነው። ደንቡ አንድ ሰው ለአንድ ስም ነው።"

"ደንብህ ገደል ይግባ! ልጄንና አደራዬን ልታስመርጠኝ ነው?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ እናቴ? የታዘዝኩትን ነው። ለየትኛው ልጻፍልዎት?"

እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። ከቀሚሷ ሥር በክር ያንጠለጠለችው የልጇ ሰዓት አለ። የልጇ ጓደኛ ካመጣላት ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያን ቀን "በእጄ ነው የቀበርኩት" ብሎ እግሯ ላይ ተደፍቶ አልቅሷል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

"ለጎረቤቴ ልጅ ጻፍ" አለች።

የልጇ ስም ሲጠራ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። መቶ አለቃው ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠራው። ሦስተኛው ጥሪ እንዳለቀ፣ ዘጠኝ ዓመት አፍና የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።