ገደኛዋ ሱሀይር

ከክፍላችን ለመውጣት በባህረዲን ሱቅ ማለፍ ግድ ነው፤ ሌላ በር የለም። ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ ብስኩትና ከረሜላ በጅምላ የሚሸጥበት ሱቁ ከፊት ነው፤ እኛ ከካርቶኑ ክምር ጀርባ ነን። ልጄ ሀፍሷ እሱው ጋ ሻጭ ስለሆነች ክፍሉን ያለ ኪራይ ሰጥቷታል። ደግ ሰው ነው። የቸገረኝም ደግነቱ ነው።

የልጅ ልጄ ሱሀይር አራት ዓመቷ ነው። ቡታጅራ እኔ ዘንድ ሳለች ቆጮውን በጎመንና በአይብ ሳጎርሳት "ድገሚኝ" ነበር የምትለው። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ምሳ ሳቀርብ አፏን ግጥም ነው። እንዴትስ ትብላ? ባህረዲን ገደኛ ናት፣ ገበያ ትጠራለች ብሎ አምኗል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ዕቃውን መጀመሪያ የምትነካው እሷ መሆን አለባት፤ ስትነካም ብስኩትና ጭማቂ ያስጨብጣታል። ከዚያ ደንበኛውም፣ ተሸካሚውም ከረሜላ ሲሰጣት ይውላል። አዲስ አበባ ልጅ የሚያጠግበው እንዲህ ነው፤ ሆዷ ሙሉ፣ ክንዷ እንጨት።

ሰሞኑን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያ መጥታ ክንዷን በዚያ ባለቀለም ሜትር ለካችው። ቢጫው ላይ ቆመ።

"እማማ፣ በዚሁ ከቀጠለች ቀዩ ውስጥ ትገባለች። እንቁላል፣ አትክልት ይስጧት፤ ብስኩቱ ይቅር" አለችኝ።

እንቅልፍ አጣሁ። ሄጄ ባህረዲንን ለመንኩት።

"አንተ ልጅ፣ ስለ አላህ ብለህ ብስኩቱን ተውላት።"

"እትዬ፣ ገደኛ ባዶ እጇን ትሸኛለች እንዴ?"

"እንግዲያው እንቁላል ስጣት። እኔ ቀቅዬ አመጣለሁ፣ አንተ በእጅህ ትሰጣታለህ።"

ሳቀ። "ወላሂ፣ ለእርስዎ ስል!"

በማግስቱ ሱሀይር ካርቶኑን ነካች፤ እንቁላሉንም እዚያው ቆማ በላችው፣ አስኳሉ ሳይቀር። ምሳም በላች! አልሀምዱሊላህ አልኩ። ግን ያን ቀን ገበያ ሞተ። ከክፍለ ሀገር የሚመጡት ነጋዴዎች ዝር አላሉም። አመሻሽ ላይ ጃንጥላ ሻጩ ጎረቤቱ ዱባለ ብቅ አለ።

"ባህሩ፣ በድቡልቡል ነገር ሱቅ ይከፈታል? ገበያህን አንከባለልከው እኮ!"

ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ባህረዲን አልሳቀም።

እኔን ትቶ ሀፍሷን ጠራት። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

"እማዬ፣ እንቁላሉን ተይ በቃ።"

"ክንዷን አላየሽም?"

"አይቻለሁ። ከዚህ ብንወጣ የት ልንገባ ነው?"

"እኔ ቡታጅራ ልውሰዳት።"

"እሷ ከሄደች እኔን ያስቀምጠኛል? የሚፈልገው እኮ እሷን ነው።"

ለጠዋት የገንፎ ዱቄት መንፋት ጀመርኩ።

ጠዋት የሱቁ ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሱሀይር ከአልጋ ዘላ ወረደች። እኔ ገንፎ ይዤ የክፍላችን ደፍ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር።

"አንድ ጉርሻ ብቻ፣ የኔ ዓለም። ከዚያ ትሄጃለሽ።"

አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"የት አለች ገደኛዬ?" አለ ባህረዲን ከወዲያ።

ሀፍሷን አየኋት። ፊቷን አዙራ ሻርፗን ታጠብቃለች። እግሬን ሰበሰብኩላት፤ ሱሀይር ተሻግራኝ ወጣች።