የሞተችው እናት ኮት

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይቆርጣል። ደንበኛ «ጠበበኝ» ካለቻት «ጨርቁ ያው ነው፤ አንቺ ነሽ የሰፋሽው» ትላለች። ይኼን ሁሉ ችለው የሚመላለሱት እጇን ስለሚያውቁ ነው። እሷ የሰፋችው ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ከባለቤቱ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል።

በዚያ ሰሞን ግን ማንም ሳይበድላት ነበር የምትሳደበው። የጉዲፈቻ ሕጉ ሊቀየር ነው ተባለ። እስካሁን ነገሩ ሾላ በድፍን ነበር፤ ልጅ የሰጠችውና የተቀበለችው አይተዋወቁም፣ ልጁም አድጎ ቢጠይቅ «ዝግ ነው» ተብሎ ከጉዲፈቻ ቢሮው መስኮት ይመለሳል። አሁን ደግሞ ይከፈት የሚሉ ተነሱ። ልጅ የወለደችውን ይወቅ፣ ከፈለገም ያግኛት ይላሉ። ለዚህም የሕዝብ ውይይት ተጠራ። የአሳዳጊ እናቶች ማኅበር «አይከፈትም» ብላ የምትሟገትለት ሴት ሲፈልግ ሁሉም ወደ መቀስ ዞረ። በምላስ ማን ይቀድማታል?

«ልጄ ስታለቅስ ያባበልኩ እኔ፣ ስትታመም የሮጥኩ እኔ» አለቻቸው። «ደርሳ ስታምር የምትመጣ ሌላ እናት አላውቅም። ትምጣና ሜትሬን አንገቷ ላይ ጠምጥሜ እሸኛታለሁ!» ማኅበርተኞቹ ሳቁ፤ አጨበጨቡላትም።

እነሱ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ልጇ ሚጣ ጉዲፈቻ መሆኗን ከትንሽነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አንድ ቀን፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና ሳይተኩ፣ «የወለደችኝስ የት ናት?» ብላ ጠየቀች። መቀስ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። «ሞታለች» አለቻት፤ «አንቺን ስትወልድ»። ቢሮው የነገራት ሌላ ነው። እናቲቱ ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ማሳደጊያ ግን የላትም ነበር ያላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም አልታወቃትም። ልጅቷ አለቀሰች፣ መቀስን አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ እናት ጠይቃ አታውቅም። ውሸቱ ሠራ።

ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሕጉ ከተከፈተ ሚጣ ሞታለች የተባለችው እናቷ በሕይወት መኖሯን ትሰማለች። ያኔ የምትጠላው ማንን እንደሆነ መቀስ ጠንቅቃ ታውቃለች። ስለ ሕጉ የምትደረድረው ሌላው ምክንያት ሁሉ ማሳመሪያ ነው።

ሴትዮዋ የመጣችው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚጣ ፋርማሲ ሥራዋ ላይ ሳለች ነው። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ የደንብ ልብሷ ክርኑ ላይ ሳስቷል።

«እትዬ፣ ኮት ሊሰፉልኝ ፈልጌ ነበር። በልኬ አሰፍቼ አላውቅም። ሰው ፊት ቆሜ ልናገር ነው።»

«ሠርግ ነው?»

«አይ። የጉዲፈቻው ስብሰባ ነው።»

መቀስ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «ይከፈት ከሚሉት ነሽ ከማይሉት?»

«ይከፈት ከሚሉት።»

«ይሁና። ቀጥ በይ፤ እንደ ጆንያ አትዘርፈጪብኝ።»

ለካቻት። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ወረድ ይላል፤ እሱስ ቦርሳ የሚሸከም ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ጀርባዋ ረጅም ነው፣ ወገቧ ከፍ ያለ ነው፣ ክንዷ ከገመቱት በላይ ረዘም ይላል። መቀስ ቁጥሩን ሜትሩ ላይ ከማንበቧ በፊት በጣቷ አወቀችው። ሚጣን ከዳዴ ጀምሮ ያለበሰች እሷ ናት፤ ለዚህ ገላ ጨርቅ ስትቆርጥ ነው የኖረችው። ስንት ትከሻው የወረደ ሰው አለ፣ አለች በሆዷ፤ እስፒሎቿን ከንፈሯ ላይ ነክሳ ሥራዋን ቀጠለች።

ሴትዮዋ ሳትጠየቅ ታወራለች። «ስሰጣት ሹራብ አልብሻት ነበር። በእጄ የሠራሁት ቢጫ ሹራብ ነው። ክሩ አለቀብኝና አንዱ እጅጌ አጥሮ ቀረ። ይኼው እስካሁን ያ እጅጌ ያንገበግበኛል። በርዷት ይሆን እላለሁ።»

ያን ሹራብ በመጀመሪያው ቀን ከልጅቷ ላይ ያወለቀችው መቀስ ናት። «ይኼም ሥራ ሆኖ!» ብላ ስቃበታለች። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ዘይት ስትጠርግበት ከርማ በመጨረሻ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

«ከሰጠሽ ሰጠሽ ነው» አለች እስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፍታ። «አሁን ምን ቆርጦሽ ነው የምትፈልጊያት?»

«ልወስዳት እኮ አይደለም እትዬ። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ማን ይወስዳታል? በሕይወት እንዳለሁ እንድታውቅ ነው። ‹አልፈለገችኝም› እንዳትል።»

«ብትልስ? መቼ ዋሸች።»

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። «እርስዎ ማደሪያ ሳይኖርዎት ሕፃን ታቅፈው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። የእኔ ልጅ ከቤቷ ውጪ አድራ አታውቅም።»

ሴትዮዋ ቀብድ አስቀምጣ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። መቀስ ልታባርራት ይገባ ነበር። ነገር ግን ካባረረቻት የት ሄዳ ምን እንደምታወራ አታውቅም። ዓይኗ ሥር ሆና ኮቱን ለመሞከርም ለመረከብም ሚጣ በሌለችበት ሰዓት ብትመጣ ይሻላል ብላ ቆረጠች። ኮቱንም ልታበላሽባት አሰበች፤ ከኋላ ይሸብሸብ፣ አንገቱ ይቁም፣ ሰው ፊት ቆማ መሳቂያ ትሁን። ጨርቁን ስትዘረጋ ግን እጇ ራሱ ሄዶ የሚጣን ልብስ የምትቆርጥበትን ወረቀት ከግድግዳው አወረደ። ግራ ትከሻው ሥር ስስ ስፖንጅ ደረበች፣ ወገቡን ከፍ አደረገች፣ እጅጌውን አስረዘመች። ክፉ ልብስ መስፋት ለካ ለእሷ አይሆንላትም። ከዚህ እጇ ጋር ተጣልታ አመሸች።

በማግስቱ ሚጣ ከሥራ ስትመለስ ኮቱን ማንጠልጠያው ላይ አየችው፤ ሳትጠይቅ ለበሰችው።

«እማዬ! የኔ ነው አይደል? ልክክ አለልኝ እኮ!» መስታወቱ ፊት ተሽከረከረች።

«አውልቂ! የሰው ልብስ ነው።»

«ኧረ ቆይ፣ ትከሻው እኮ…»

«አውልቂ አልኩሽ!» ከላይዋ ገፈፈችው፤ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ሚጣ ደንግጣ አየቻት። እናቷ በደንበኛ ላይ ስትጮህ ነው እንጂ በእሷ ላይ ስትጮህ አታውቅም።

«የማን ቢሆን ነው?»

«የአንዲት የማትረባ። ልጇን አሳልፋ ሰጥታ አሁን ደርሳ ይከፈትልኝ የምትል።»

የሚጣ ፊት ጠቆረ። «እና አንቺ ትሰፊላታለሽ?»

«ሥራ ነው» አለች መቀስ። ሌላ ምን ትበል?

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ይንቋቋሉ፣ ድምፅ ማጉያው በየመሃሉ ያፏጫል። ሚጣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ለክብሯ ነው የመጣችው። ቀድማ የተነሳችው ትኬት ቆራጯ ነበረች። ኮቱ አምሮባታል።

«እኔ ይከፈት ስል» አለች ሴትዮዋ፣ «በር ሰብሬ ልግባ ማለቴ አይደለም። ልጄ ከፈለገች ታንኳኳ፣ ካልፈለገች ትተወው። ዛሬ ግን መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የሚመርጥላት። ብትታመም የዘሯን በሽታ የሚነግራት የለም። እኔም ትኑር ትሙት አላውቅም። ያሳደገቻትን እጅ ብስም ደስ ይለኛል…»

ሚጣ ብድግ አለች። ተራዋም አልነበረም፤ የመናገር ዕድል ማንም አልሰጣትም።

«እኔ ጉዲፈቻ ነኝ!» አለች። «የእኔዋ ሞታ ነው የተወችኝ። እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ አዝንላታለሁ። አንቺስ? አንቺ ምን ሆነሽ? በሁለት እግርሽ ቆመሽ ሰጥተሽ፣ ዛሬ አዲስ ኮት ለብሰሽ እናቶቻችንን ልታስጨንቂ መጣሽ? ልጅሽ ብሆን ኖሮ ሞተሽ ብትጠብቂኝ እመርጥ ነበር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሴትዮዋ ራሷን አቀረቀረች። «እውነትሽን ነው ልጄ» አለች።

«ልጄ አትበይኝ!»

ሚጣ ተቀመጠች፤ የእናቷን እጅ ያዘች። «ደግ አደረግኩ እማዬ?»

መቀስ የፈለገችውን ሁሉ አገኘች። ሕዝቡ ከእሷ ጋር ነው፣ ልጅቷ ከእሷ ጋር ናት፣ ሴትዮዋ ከእንግዲህ አፏን አትከፍትም። ዝም ብትል ነገሩ እንደተደፈነ ይቀራል። ነገር ግን ያ «ሞተሽ ብትጠብቂኝ» የተባለው ቃል ከየት እንደመጣ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። በልጇ አፍ የተናገረው የራሷ ውሸት ነው። አፈረች። በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ስሟ ተጠራ። ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደች።

«እንዳይከፈት ልሟገት ነበር የመጣሁት» አለች። «ልጄ የተናገረችውን ሰምታችኋል። ይኼን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሞታለች ያልኳት እኔ ነኝ፤ አልሞተችም። እናቷ አሁን የሰደበቻት ሴት ናት።»

ድምፅ ማጉያው አፏጨ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ሐሳብዎን ይከፈት በሚለው እንያዘው ወይስ አይከፈት?»

«ይከፈት! የእኔ ቢጤዎች እንደልባችን የምንገድለው እናት እንዳይኖር ይከፈት! አሁን ደግሞ አንተ ዝም በል።»

ሚጣ የሴትዮዋን ፊት አላየችም፤ ትከሻዋን ነበር የምታየው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ስለካት።»

«ኮቱን ከላዬ ስትገፍፊው ታውቂ ነበር። አሁን እዚህ ቆሜ ስሰድባትም ታውቂ ነበር። ተቀምጠሽ ሰማሽኝ።»

ሚጣ በሁለቱ መካከል አልፋ፣ ወደ አንዳቸውም ሳትጠጋ ወጣች።

ሁለቱ ሴቶች ደጅ ሲደርሱ ልጅቷ የለችም። መንገዱ ግራም ቀኝም በሰው ተሞልቷል።

«በየት ሄደች?» አለች ትኬት ቆራጯ።

መቀስ ታውቃለች። ሚጣ ስትናደድ ከድልድዩ ማዶ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ግንዶቹ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ስንት ጊዜ እያለቀሰች ስትፈልጋት የደረሰችበት ነው። ለዚህች ሴት መስጠት አልፈለገችም። ፈጽሞ አልፈለገችም።

«አልወድሽም» አለቻት። «እንድታውቂው ነው።»

«እኔም አልወድሽም።» ሴትዮዋ «እርስዎ» ማለቱን ትታዋለች። «በቁሜ ቀበርሽኝ።»

«ነይ እንግዲህ። በዚህ በኩል ነው።»

ጎን ለጎን ሄዱ፤ ትከሻቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ይጠነቀቃሉ።

«ስደርስ ምን ልበላት?»

«ምንም። መጀመሪያ አንቺን ትሰድባለች፣ ከዚያ እኔን። የእኔው ይረዝማል። አትመልሺላት። እንዳታቅፊያትም፤ ተናዳ ሳለ ሲነኳት ይብስባታል። ሲወጣላት ዝም ትላለች፤ ከዚያ ይርባታል።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፍታ አየች፤ የሚበላ ነገር አልነበረበትም። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሱቅ ክፍት ነበረች። ቆመች።

«ምን ትወዳለች?» አለች።

መቀስ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረቻት።