በራዱን ማን ያነሳል?

አባቴ ደውሎ «እሁድ አንዲት ሴት ለሻይ ትመጣለች» ሲለኝ፣ ነገሩ የሻይ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ዊልፍ፣ ማለትም አባቴ፣ ዕድሜውን ሙሉ በእንግሊዟ ከተማ በሃደርስፊልድ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። እንግዳ የመጥራት ነገር አይሆንለትም። ይባስ ብሎ ኬክ ጋግረሽ አምጪ ሲለኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ማን ናት?» አልኩት።

«ሙሪየል ትባላለች። እኔ ከምዘምርበት ቡድን ናት።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሂላሪ፣ ምን እደብቅሻለሁ፣ ላገባት አስቤአለሁ። አንቺን ደስ ካላለሽ ግን እተወዋለሁ።»

«ለእሷስ ነግረሃታል?»

«አንቺ ሳታያት እንዴት ብዬ?»

እንግዲህ ፍርዱ እኔ ላይ ወደቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት የእሁዱን ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። የቀብሯ ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ ሁሉም በራዱን እያየ ማንም ሳይነካው ሲቀር አነሳሁትና በዚያው የእኔ ሆኖ ቀረ። እኛ ዘንድ ደግሞ በሰው ቤት በራድ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳ ኬኩን ይቆርሳል፣ ድመቷን ያባርራል፣ ካሻውም ሶፋው ላይ ያንኮራፋል። የሚቀዳው ግን ባለቤት ነው። ሳይሏት በራዱን ያነሳች ሴት ሻንጣዋን ይዛ እንደገባች ትቆጠራለች።

እውነቱን ለመናገር ቀንቼ ነበር። እሁድ መኪናዬን እየነዳሁ ስሄድ፣ ገና ላላየኋት ሙሪየል ጉድለት ስለቅምላት ነው የደረስኩት።

ከእኔ ቀድማ መጥታ ኖሮ በሩን አባቴና እሷ አብረው ከፈቱልኝ። አጠር፣ ደንደን ያለች፣ ፀጉሯን ዝናብ ያበላሸባት ሴት ናት። ገና ሳትጨብጠኝ ራሷ የሠራችውን ማርማላታ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ይመራል፣ ግን አይገድልም» አለችኝ። ልስቅ ስል ተኮሳተርኩ። እንዲህ በቀላሉ ልትገዛኝ?

አባቴ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑትን፣ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ስኒዎች ደርድሯል። በራዱን ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ከሚለብሰው የሱፍ ሹራቡ ጋር ጠረጴዛው መሀል፣ ልክ መሀሉ ላይ አስቀመጠው። ለማናችንም እንዳያዳላ ፈርቶ መሆን አለበት።

ተቀመጥን። እኔ ብቀዳ «ቤቱ የእኔ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ» እንዳልኳት ይሆናል። እሷ ብትቀዳ ደፋር ትባላለች። አባቴ እንደሆነ በገዛ ቤቱ በራድ ነክቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም ሊጀምር አላሰበም።

«ዝናቡ ቀለል ያለ ይመስላል» አለች ሙሪየል በራዱን እያየች።

«ጠዋት ይብስ ነበር» አልኩ እኔም በራዱን እያየሁ።

«ማታ ይመለሳል ብለዋል» አለ አባቴ። እሱ የሚያየው ጣሪያውን ነበር።

በሹራቡ ውስጥ ሻዩ እየጠቆረ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን።

«ወይዘሮ ሙሪየል፣ እስኪ እባክዎ፣ ሳይቀዘቅዝ» አልኳት።

«ኧረ በፍጹም! ቤቱ የእናንተ ነው። አንቺው ቅጂ።»

«እንግዳ እያለ?»

«እኔማ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ውሸቷን ነው። አሁን ከመቀመጣችን ኬኬን እንደ ቀዶ ሐኪም ቀጥ አድርጋ የቆራረጠችው እሷ ናት። ሳንድዊቹን ያለ ምንም ማወራረጃ ማላመጥ ያዝን። ዝናቡን ጨርሰን ወደ ንፋሱ ተሻገርን። ንፋሱም አለቀ።

በመጨረሻ አባቴን ብስኩት አነቀው። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለታችንም ብድግ ብለን በግራና በቀኝ ጀርባውን መደብደብ ጀመርን። ሻዩ እፊቱ አለ፤ ሰውየው ትንፋሽ አጥሮታል፤ እኛ ግን እንግደረደራለን።

የሙሪየል እጅ ወደ በራዱ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀና ብላ አየችኝና እጇን መልሳ ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። ፈርታለች። የፈራችው ደግሞ እኔን ነው። አባቴም እያሳለ የሚያየው እኔኑ ነበር፤ የሕፃን ዓይን ይመስል ነበር ዓይኑ። አንጀቴን በሉት፣ ሁለቱም።

በራዱን አዞርኩት። እጀታውን ወደ እሷ አድርጌ ገፋ አደረግሁላት።

«ሙሪየል፣ አንቺ ቅጂልን» አልኳት።

አባቴ ማሳሉን አቆመ። ሙሪየል አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየችና አነሳችው። እጇ አሁን የእውነት ይንቀጠቀጥ ነበር። የቀዳችው ሻይ ግን ሻይ አይባልም፤ ወተት ቢጨመርበትም መልኩን አልቀየረም። ሦስታችንም በጨዋ ደንብ ተጎነጨን።

«ግሩም ነው» አለች ራሷ።

«በጣም ጥሩ» አልኩ እኔ።

አባቴ እንደምንም ዋጠና ስኒውን አስቀመጠ። «ይሄማ ለአውቶቡስ ሞተር ነው የሚሆነው» አለ።

ሙሪየል ሳቀች፤ ሳቋ መላ ሰውነቷን የሚያንቀጠቅጥ ነው። እኔም ልቆጣጠረው ያልቻልኩት ሳቅ ያዘኝ። አባቴ ምን እንዳሳቀን ሳይገባው አጀበን። ከዚያ ሙሪየል ሌላ ሻይ ልታፈላ በራዱን ይዛ ተነሳች። እኔም የለመደብኝ ሆኖ ዕቃውን ላሳያት ብድግ ስል «ተቀመጪ፣ ፈልጌ አገኘዋለሁ» አለችኝ። ወዲያው ከኩሽና ድስቶች ሲንኮታኮቱ ተሰማ።

«እንዴት አየሻት?» አለኝ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ብትተዋት አልምርህም፣ አባዬ። ሂድ፣ አሁኑኑ ንገራት።»

ካፖርት እንደሚለብስ ሰው የለበሰውን ሹራብ አስተካክሎ ወደ ኩሽና ሄደ። የማጉረምረም ድምፅ ሰማሁ፤ ድስቶቹም መንኮታኮት አቆሙ። በመጨረሻ ሙሪየል «ይሄን ለማለት ነው በውሃ ጥም ስትገድለን የዋልከው?» ስትል ተሰማኝ። አባቴ እንደ ጎረምሳ ሳቀ።

እሷ በራዱን፣ እሱ ወተቱን ይዘው ፊታቸው በደስታ ቀልቶ ተመለሱ። ሙሪየል ከሁሉም አስቀድማ የእኔን ስኒ አነሳች።

«ያንቺ እንዴት ይሁን? ወፈር ይበል፣ ቀጠን?»

ስንት ዓመት ለሁሉም ስቀዳ፣ በዚያ ቤት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበርና።

«ወፈር ይበል» አልኳት፤ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬም እስክትቀዳልኝ ጠበቅሁ።